እንጀራ የሌለበት ገበታ

ጋምቤላ
ጥር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሸሪፍ አብዱልከሪም
ጅግጅጋ

አሰላሙ ዐለይኩም ልጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? አጎትህ፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ሙቀቱ ዘንድሮ ቀድሞ ገብቷል፤ ከቀትር በኋላ ባሮ ዳር እንኳ ነፋስ አይገኝም። መብራት ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። እናትህ ጤነኛ ናት። ረመዳን ሊገባ ስለሆነ ቤቱን ከላይ እስከ ታች እያጠበች ነው፤ ያንተንም ክፍል ጭምር።

በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ የምጽፍልህ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። በስልክ አንተ «እሺ አባ፣ እሺ አባ» ትላለህ፣ እኔ እቆጣለሁ፣ እናትህ ስልኩን ትቀማኛለች። በዚህ ዓይነት አንድም ነገር ተነግሮ አያልቅም። ወረቀት አይቀማም።

እህትህ ስለ ባለፈው እሑድ ግብዣ አንድ ነገር ሹክ እንዳለችህ ደርሼበታለሁ። «አባ እንግዶቹን አስቀየማቸው» ብላህ ከሆነ የነገረችህ ግማሹን ነው። ሪድዋና አዲስ አበባ ተቀምጣ ነው የምታወራው፤ እኔ እዚያው ነበርኩ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርህ። ስታነብ አትዝለል። መዝለል ልማድህ ነው።

ጋይ ከኢታንግ ተነሥቶ ቤታችን ሊመጣ እሺ ያለው በታኅሣሥ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ልጁን ፑዎክን በእኔ መኪና ገጭተህ የገደልክበት ሰው ነው። ፍርድ ቤት የፈረደብህን ታስረህ ጨርሰሃል። የካሣው ከብት ነገርም በሽማግሌዎች ካለቀ ቆይቷል። የቀረው መብላት ብቻ ነበር። ጋምቤላ ተወልደህ ያደግክ ልጅ ስለሆንክ ይህን ታውቃለህ፤ ቢሆንም ልድገምልህ። በእነሱ በኑዌሮቹ ዘንድ በሁለት ቤት መካከል ደም ካለ፣ ነገሩ እስኪያልቅ በአንድ ዕቃ አይበላም፣ አይጠጣም። የበላ ሰው በራሱም በልጆቹም ላይ ሞት ይጠራል። ነገሩ አለቀ የሚባለው ሁለቱ ቤቶች ከአንድ ገበታ የበሉ ቀን ነው። ያ ቀን ከመጣ ወደ ቤትህ ትመለሳለህ። ካልመጣ አትመለስም። የፑዎክ ታላቅ ወንድም ፓል ይህን ገበያ መሃል ቆሞ በግልጽ ተናግሯል፦ «ፍርድ ቤት የራሱን ጨርሷል፤ እኛ የራሳችንን አልጨረስንም።»

በመካከላችን እየሄደ እየመጣ ነገሩን እዚህ ያደረሰው ኦኬሎ ነው። ቢሮ አብረን ስንሠራ በየቀኑ እንጨቃጨቅ የነበረው ኦኬሎ፤ አሁን የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ሆኗል። አኙዋ ስለሆነ ከጋይም ወገን አይደለም፣ ከእኛም ወገን አይደለም፤ ለዚህ ነው ሁለታችንም የምናምነው። ጋይ እሺ ባለ ሰሞን ሱቄ መጥቶ ጆንያ ላይ ተቀመጠና እንዲህ አለኝ፦

«አብዱል፣ ስማኝ። መጀመሪያ ሁለት ገበታ ነው። እነሱ ለብቻ፣ እናንተ ለብቻ፣ ግቢው አንድ። እሱ ብቻ ይበቃል ለአሁን። አንድ ገበታ ከክረምት በኋላ ነው፤ በሬ ይታረዳል፣ የእነሱ ሽማግሌ ውሃ ይረጫል፣ ከዚያ ትበላላችሁ። አትቸኩል። አንተ ችኩል ነህ።»

«ከክረምት በኋላ?»

«ከክረምት በኋላ።»

እኔ ከክረምት በኋላ የሚባለውን ነገር አልወደድኩትም። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። ሰው በኔ ዕድሜ ቀጠሮ ሲራዘም አይወድም፣ በቃ።

ስለ ምግቡ ልንገርህ። ጋይ እንደ እኔው የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ የእሱ ግን ከእኔ የከፋ ነው። ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆርጠውታል። መርፌ ነው የሚወጋው፤ መድኃኒቱ በኢታንግ ሙቀት እንዳይበላሽ እርጥብ አሸዋ ባለበት የሸክላ ድስት ውስጥ ነው የሚያኖረው። ለኦኬሎ እንዲህ ብሎታል፦ «ሰው ቤት ስጋበዝ ወይ ተርቤ ወይ ታምሜ ነው የምመለሰው። እንጀራ ነው፣ ገንፎ ነው፣ ዳቦ ነው። ሥጋውን ብቻ ላንሳ ስል ንቆን ነው ይላሉ።» ይህን ስሰማ እኔ ቤት ግን እንዲህ አይሆንም አልኩ። ሰውየው ከገበታዬ ላይ የማይበላው ነገር አንድም አይኖርም።

ሪድዋናን በስልክ ጠየቅኳት። የምትሠራው ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ስለሆነ ይህን ትችላለች ብዬ ነው።

«አባ፣ አሁን እኮ እንግዳ የሚቀበሉት እንዲህ ነው» አለችና ፎቶ ላከችልኝ። «ሳንቃ ላይ ነው የሚደረደረው። በስሱ የተቆረጠ ሥጋ፣ አይብ፣ ለውዝ፣ የወይራ ፍሬ። ሁሉም ዙሪያውን ተቀምጦ በእጁ እያነሳ ይበላል፣ ይጫወታል።»

«ዳቦውስ?»

«ዳቦ የሚያደርጉበት አሉ። ለእናንተ የምለው የሌለበትን ነው።»

«ወጡስ?»

«ወጥ የለም።»

«ወጥም እንጀራም ከሌለ ይሄ ግብዣ አይደለም፤ ለግብዣ የሚዘጋጅ ሰው መንገድ ላይ የሚቀማምሰው ነው።»

«አባ! ትሰማኛለህ ወይስ ልዝጋው?»

ሰማኋት። ደግሞ ልንገርህ፣ ባየሁት ቁጥር ወደድኩት። ትኩስ ነገር ስለሌለው መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም ግድ የለውም። አስተናጋጅ አይፈልግም። ሁሉም በእጁ ያነሳል። ይህ «ሁሉም በእጁ ያነሳል» የሚለው ነገር ራሴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ። ሰዎቹ ከኢታንግ አቧራ ለብሰው፣ ተርበው ይመጣሉ። ገበታው ፊታቸው ይቀርባል። ወሬ ይጀመራል። አንዱ ሳያስበው እጁን ይሰዳል፤ አንዲት ቁራጭ ሥጋ ብቻ። የተበላ አይመለስም። ከበሉ በኋላ ክረምት የለ፣ በሬ የለ። ይህ ነበር አሳቤ። ዛሬም መጥፎ አሳብ ነበር አልልም፤ ያሰብኩት ልጄን ነው።

አናጢው ዘንድ ሄጄ አንድ የዋንዛ ሳንቃ አስላግኩ፤ ርዝመቱ እንደ ሰው ቁመት ነው። መጀመሪያ ያላገው ሻካራ ስለነበር መለስኩበት። ሁለተኛም መለስኩበት። «ጋሼ፣ ሰው ሊተኛበት ነው እንዴ?» አለኝ። በኑግ ዘይት አሽቼ ፀሐይ አስመታሁት።

የበሬ ምላስ ቀቅለን፣ ልጠን፣ ድንጋይ ጭነንበት አሳደርነውና በስሱ ቆረጥኩት። እናትህ ለቋንጣ ያሰናዳችው ሥጋ ነበር፤ በደንብ ስላልደረቀ እንደገና አሰቀልኩት። ሻኛውን በጨውና በቁንዶ በርበሬ አሽቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ፍሪጅ ውስጥ አጠነከርኩት፤ መብራት በሄደ ቁጥር ከፍቼ እየነካሁ አየው ነበር። ከባሮ ዳር ከአጁሉ በጭስ የደረቀ ዓሣ ገዛሁ። አጁሉን ታስታውሳታለህ፤ ትንሽ ሆነህ ዓሣ ሲሸተኝ ያስታውከኛል ስትል «የሱቅ ልጅ» እያለች የምትስቅብህ። «ማን ሊበላው ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ገንዘቤን መለሰችልኝና ትልቁን መረጠችልኝ።

ደረቅ አይቡንና የወይራ ፍሬውን ሪድዋና በበረዶ ሣጥን አድርጋ በአውቶቡስ ላከች። እንቁላል አራት አራት ቦታ በእኩል ተቆርጦ፣ ዱባ የለም፣ ካሮት ጣፋጭ ስለሆነ የለም፣ ድንች የሚባል ነገር ደጃፌን አልረገጠም። ኪያርና አቮካዶ በሎሚ። ለውዝ ጥቂት። የዓሣው ሽታ አይቡን እንዳይዘው ከዳር። ሚጥሚጣና ጨው መሃል ላይ። ሪድዋና «ለአይቡ በትንሽ ሳህን ማር አድርጉ፤ አብሮት ይሄዳል» ብላ ነበር። ማር ስኳር ነው አልኳት። ስኳር ሕመሜ ከተነገረኝ ጀምሮ ከቤቴ አስወጥቻለሁ፤ ያኔ አንተ ጎረቤት እየሄድክ ሻይ ትጠጣ እንደነበር ያላወቅኩ እንዳይመስልህ።

እናትህ በሩ ላይ ቆማ ስደረድር ታየኝ ነበር።

«ሁለት አድርገው አልተባልክም?»

«ሳንቃው አንድ ነው።»

«አናጢው ሁለት ይሠራ ነበር።»

«ሰይዳ፣ ተይኝ!»

ተወችኝ። እናትህ ስትተው ምን እንደሚመስል ታውቃለህ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ መጡ። ጋይ በክራንች፣ ፓል፣ ሁለት አጎቶች፣ ኦኬሎ። መብራት የለም፤ በረንዳው ላይ አስቀመጥኳቸው። ኦኬሎ ገበታውን ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመና «አብዱል፣ ይሄ ምንድነው? ቢሮ እያለን ለባለሥልጣን የምናዘጋጀው ኤግዚቢሽን መሰለኝ እኮ። ሪባን የሚቆርጠው ማነው?» አለ። አጎቶቹ ሳቁ። ጋይም ፈገግ አለ። እኔ ያኔ ልቤ ሞላ፤ አልዋሽህም።

ጋይ ክራንቹን አስደግፎ ተቀመጠና ገበታውን ከዳር እስከ ዳር አየው።

«እንጀራ የለም?»

«የለም።»

«ገንፎም?»

«የለም። ዱቄት የነካው ነገር የለም። ለአንተ ብዬ ነው።»

«እንዲህ አድርጎ ያበላኝ ሰው የለም» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ። እጆቹ ጉልበቱ ላይ እንደሆኑ ዞር ብሎ ጠየቀኝ፦

«የእኛ የትኛው ነው?»

«ሁሉም የሁላችንም ነው» አልኩት።

አጎቶቹ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። ኦኬሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ፓል ብድግ አለ። ቁመቱን ታውቀዋለህ፤ ራሱ በረንዳው ቆርቆሮ ሊደርስ ምንም አልቀረው።

«አባቴ የታመመ ነው እንጂ ሞኝ አይደለም» አለኝ። «እንደ ዓሣ በምግብ ልትይዘው ነው?»

«ፓል፣ ተቀመጥ» አለ ጋይ።

«አልቀመጥም። እንሂድ።»

«የምጠይቀው አለኝ። ጠይቄ እሄዳለሁ።» ወደ እኔ ዞረ። «አብዱልከሪም፣ ልጅህ ለምን አልቆመም?»

አደጋው በደረሰበት በትየርኪዲ መንገድ ላይ ለሚሠራ ሾፌር የሚሰጠውን ምክር ነገርኩት። አደጋ ከደረሰ ሰው ሳይሰበሰብ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሂድ ይባላል፤ ልጄም እንደተባለው አደረገ፣ ራሱን በራሱ ሰጠ አልኩት። ረጋ ብሎ ሰማኝ።

«እኛ ስንደርስ ፑዎክ ሕይወት ነበረው» አለኝ። «ውሃ ውሃ ይል ነበር። ውሃ የያዘ ሰው አልነበረም። እኔ ልጅህ ገጨ ብዬ አልተቀየምኩም። መንገድ ነው፤ ከብት ይገጫል፣ ሰው ይገጫል። የልጅህ መኪና ውስጥ ውሃ ነበረ አይደል? ሾፌር ያለ ውሃ አይሄድም። አልቆመም።»

መልሱን ከየት ላምጣ? አንተ ለእኔም መልሰህልኝ አታውቅም። እስር ቤት ልጠይቅህ ስመጣ ጫማህን ነበር የምታየው።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው። ጋይ ስለ ፑዎክ ማውራት ቀጠለ፤ ግን ቃላቱ መሰባበር ጀመሩ። ከአማርኛው ወደ ኑዌር፣ ከኑዌር ወደ አማርኛ። ላቡ ከግንባሩ ላይ ይወርዳል። ሙቀት ነው አልኩ። እጁ ይንቀጠቀጣል። ኀዘን ነው አልኩ። ከዚያ ክራንቹን ሊያነሳ እጁን ሲሰድ አየር ጨበጠ።

«መርፌህን መቼ ወጋህ?» አልኩት። አይሰማኝም። ፓልን ጠየቅኩት።

«መኪና ውስጥ። ስትደርስ ትበላለህ ብለነው ነዋ!»

እኔ የምውጠው ክኒን ነው። የእኔ ዓይነቱ ክኒን ሰውን ረሃብ ላይ እንዲህ አይጥልም፤ መርፌ ይጥላል። መርፌ ወግቶ ያልበላ ሰው ስኳሩ ይወርዳል፤ ሲወርድ የሚያነሳው ስኳር ብቻ ነው። ይህን አንብቤዋለሁ፣ አውቀዋለሁ። ሁሉንም ነገር የለካሁት ግን በራሴ ሕመም ነበር። ዞር ብዬ ያን ገበታ አየሁት። ምላስ፣ ቋንጣ፣ ዓሣ፣ አይብ፣ እንቁላል። ያን ሁሉ ቀን የለፋሁበት፣ የሰው ቁመት ያህል የተደረደረ ምግብ፤ አንድን ሰው ከሞት ሊያነሳ የሚችል አንዲት ቅንጣት ነገር የለበትም። ጠንቅቄ ያወጣሁት እኔው ነኝ። ግቢው ውስጥ ያለው ማንጎ ገና ጥሬ ነው። ጎረቤት ያለው ሱቅ እሑድ ስለሆነ ዝግ ነው። «ስኳር! ስኳር!» እያልኩ እጮሃለሁ፤ ለማን እንደምጮህ አላውቅም። የራሴ ሱቅ ደግሞ መሃል ከተማ ነው፤ ባጃጅ እስኪገኝ፣ እስኪደርስ፣ እስኪመለስ ማን ይጠብቃል?

ፓል አባቱን በብብቱ ይዞ ሊያነሣው ነው። ወደ መኪና፣ ወደ ሆስፒታል። ሰውየው እንደ እርጥብ ጆንያ ይዝለፈለፋል።

እናትህ ከውስጥ ወጣች። እንዴት እንደደረሰች አላየሁም። እጇ ላይ ኩባያ አለ፤ በጣቷ እያማሰለችው ነበር። ተንበርክካ የጋይን ራስ ክንዷ ላይ አደረገች።

«ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«ዝም በልና ትከሻውን ያዝልኝ።»

ፓል እጁን ዘርግቶ ከለከላት። «ከዚህ ቤት አይጠጣም!»

እናትህ ቀና ብላ አየችው። አልተቆጣችም። «ልጄ» አለችው፣ «እንግዲያው ይሙት?»

ፓል እጁን ከኩባያው ላይ አነሳ። ቀስ ብሎ ነው ያነሳው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ልጅ ጋር ያለኝን ነገር ሁሉ ለአላህ ትቻለሁ፤ ያን እጅ ሲያነሣ አይቼዋለሁና።

ጠብ ጠብ እያደረገች አጠጣችው። «ጋይ፣ ወንድሜ፣ ዋጥ። አዎ። ትንሽ ደግሞ። ዋጥ።» ግማሹ በአገጩ ላይ ፈሰሰ። ቆይቶ ቆይቶ ዓይኑ ተመለሰ። መጀመሪያ ቆርቆሮውን አየ፣ ቀጥሎ እናትህን፣ ከዚያ ኩባያውን። ራሱ ሊይዘው እጁን ዘረጋ፤ ሰጠችው።

ኩባያውን ያየሁት ያኔ ነው። ያንተ ነው። ሰማያዊው፣ አፉ የተላጠው፣ ልጅ ሆነህ ስምህን በሚስማር የጫርክበትና የገረፍኩህ። ፓልም አየው። ተምሯል፣ ያነባል።

«ሸሪፍ» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ።

ጋይ ወደ እናትህ ዞረ። «የእሱ ነው?»

እኔ ብሆን እዋሽ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ውሸቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «የእሱ ነው» አለች እናትህ። «ሲመጣ ብዬ ያስቀመጥኩት ነው። ስኳሩም የእሱ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ያኖርኩለት። ሌላ አጣሁ።»

አጎቶቹ እርስ በርሳቸው በኑዌር ተነጋገሩ። አንደኛው ተነሥቶ ከበረንዳው ወረደ። ጋይ ኩባያው ውስጥ አየ። ከሥሩ የቀረ ነበር፣ ያልሟሟ ስኳር ያለበት። አየው፣ አየው። ከዚያ አፉ ላይ ደፍቶ ጠጣው። አሁን ማንም አላጠጣውም፤ ራሱ ነው የጠጣው።

«እኔ ጠጥቻለሁ» አለ። «የእኔ አልቋል። ልጆቼ አልጠጡም።»

ኩባያውን በነጠላው ጫፍ ጠርጎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ኦኬሎ «ጋይ፣ ኩባያው የሰው ዕቃ ነው» ሲለው «ሌላ ሰው እንዳይጠጣበት ነው» አለ። ነገሩን ኦኬሎ በኋላ አስረዳኝ። የሚመጣ ሞት ካለ እሱ ላይ ይቁም፣ ወደ ልጆቼ አይለፍ ማለቱ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሰዎች ናቸው፤ ቢሆንም ደም ደም ነው አለኝ ኦኬሎ።

ሊነሣ ሲል ክራንቹን አቀበልኩት። ሲቀበለኝ ዓይኑ ወደ ታች ሄደ፤ ቀኝ እግሬ ላይ ነጠላ ጫማ አድርጌ በጨርቅ ጠቅልዬው ነበር።

«አንተም?» አለኝ።

«ሙቀት ነው። ጫማው ላጠኝ።»

«እኔም ሙቀት ነው እል ነበር» አለኝ።

ሄዱ። ከዚያ ሁሉ ነገር አንድ ቁራጭ አልተነሳም። ኦኬሎ እንኳ አልነካም። ዝንቡ ሲሰበሰብ ተቀምጬ አየሁት። «ለጎረቤት ልስጠው?» አለች እናትህ። ስጪው አልኳት። ማን ምን እንደወሰደ አላየሁም። በማግስቱ ሳንቃውን አናጢው ዘንድ ወስጄ መሃል ለመሃል አስቆረጥኩት። «ያን ሁሉ ያላግኩትን?» ሊለኝ ፈልጎ ፊቴን አይቶ ተወው። ሁለቱም ግድግዳው ላይ ተደግፈዋል። ከክረምት በኋላ የሚፈልጋቸው ካለ ይወስዳቸዋል።

ትናንት ኦኬሎ ከኢታንግ ተመልሶ መጣ። ጋይ ደህና ነው። ፓል ግን መልእክት ልኳል። በስድብ የተላከ እንዳይመስልህ፤ በጨዋ ቃል ነው የላከው። «አባቴ ያደረገውን አከብራለሁ። እኔን ግን በገበታ ሊያታልለኝ የሞከረ ሰው ልጁን ቢያመጣ ለሚደርስበት ነገር ኃላፊ አይደለሁም» ብሏል። ኦኬሎ ጆንያው ላይ ተቀምጦ «ሁለት አድርግ ብዬህ ነበር» አለኝ። እሱም ማርጀቱን ያየሁት ያኔ ነው።

እንግዲህ የምልህን ስማ። አትምጣ። ለዒድ አትምጣ። ለሪድዋና ሠርግ ቢሆን አትምጣ፤ እሷ ወደ አንተ ትመጣለች። «አሁንማ ተረስቷል» የሚልህ የልጅነት ጓደኛ ቢደውልልህ አትመነው። ስለ እኔ የሚነግሩህ ነገር ቢኖርም አትምጣ። እናትህ አልቅሳ ብትደውልልህ እንኳ፣ ያን ቀን ማለቴ ነው፣ ያለህበት ሆነህ ሰላተል ጋኢብ፣ በሩቅ ለሞተ የሚሰገደውን፣ ስገድልኝ። መንገድ አትጀምር። ይህን እንደ ምክር አትውሰደው፤ ትእዛዝ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አድርግልኝ። ለምን እንዳልቆምክ ጻፍልኝ። ለፖሊስ ያልከውን አይደለም፣ ለጠበቃው ያልከውን አይደለም። ፈርተህ ከሆነ ፈራሁ በል። ውሃው መኪናው ውስጥ ከነበረ ነበረ በል። አታሳምረው፤ ሰበብ አትደርድርበት። አንተ ስትጽፍ እኔ እግሬ ካስቻለኝ ራሴ፣ ካላስቻለኝ በኦኬሎ ለጋይ አደርሰዋለሁ። ሰውየው የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ቤቴ ተርቦ፣ ታምሞ፣ ሳይመለስለት ሄደ። ከገበታው በላይ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።

ሪድዋና «አዲስ አበባ ና፣ እግርህን ይዩልህ» እያለች ትነዘንዘኛለች። ሱቁን ለማን ትቼ? ረመዳን ይለፍ ብያታለሁ። አንተም አብረህ እንዳትነዘንዘኝ።

አጎትህን አክብር፤ ከእሱ ቀድመህ ማዕድ ላይ አትቀመጥ። የሰው መኪና አትንዳ ብዬሃለሁ፤ አሁንም እላለሁ። የማታውቀው ሰው መንገድ ላይ ወድቆ ብታይ የትም አገር ቢሆን ቁም። አላህ ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ መንገድ ይሰውርህ። የያዝከውን ያበርክትልህ፤ የሸሸህበት ምድር እንግዳ አያድርግህ። በእኔና በአንተ መካከል ያለውን ቁጣ እኔ ላይ ያስቀረው፤ ወደ ልጆችህ አይለፍ።

አባትህ
አብዱልከሪም

ደብዳቤውን ካሸግኩት በኋላ ከፍቼ ነው ይህን የምጨምረው። እናትህ የስኳሩን ቆርቆሮ ሞልታ መልሳ ክፍልህ ውስጥ አስቀምጣዋለች። አይቼ ዝም ብያለሁ። ኩባያ ግን ሌላ አልገዛችም። እኔም ግዢ አላልኳት።